ለሐጂ ግቢ የጫንኩት

ከጦርነቱ በፊት እንጀራዬ አሸዋና አፈር ነበር። መርሳ ላይ ቤት የሠራ፣ አጥር ያጠረ፣ ግቢ ያስተካከለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠራኝ አይቀርም። አንዲት ያረጀች ፒካፕ ነበረችኝ። ቀለሟ ድሮ ነጭ ነበር ይላሉ፤ እኔ እጅ ስትገባ ግን የመንገዱን አቧራ መስላ ነበር። ከኋላዋ የማስርላትን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ወልዲያ ያለ አንድ በያጅ ነው የሠራልኝ። አሸዋውን ከከተማው በታች ካለው ወንዝ አወጣለሁ። ጥቁር አፈር ሲፈለግ ወደ ግራና እወርዳለሁ። ለመረማመጃ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ ከውርጌሳ በላይ ካሉት ገደሎች ሥር አይጠፋም።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። እርጥብ አሸዋ ዐይን ያታልላል። ግማሽ የጫንክ ይመስልሃል፤ ዳገቱ ላይ ስትደርስ መሪው ይቀልልሃል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን የረሱት ይመስላሉ። ያኔ የኋላውን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን ከፍተህ በአካፋ እያራገፍክ ከኋላህ የሚያንባርቅ አይሱዙ ታሳልፋለህ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብሴን ከደጅ ታስወልቀኝ ነበር። «ወንዙን ሁሉ ቤቴ አታስገባብኝ» ትላለች። ሁለቱ ልጆቼ ኪሴን እየገለበጡ የወንዝ ጠጠር ይለቅሙ ነበር።

ጦርነቱ ገና ከሩቅ የሚወራ ነገር በነበረበት በጋ አንዲት ሴት በስልክ ጠራችኝ። ከአረብ አገር የተመለሰች ናት። አባቷ ግራና ውስጥ የብርቱካንና የማንጎ እርሻ ያላቸው፣ በከተማው የታወቁ ሐጂ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ መርሳ ዳር ላይ ባለ ሰፊ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ስደርስ ግቢው ድንጋይና እሾህ ነው። እሷ መሀሉ ላይ ቆማ በእጇ አየሩን እየከፈለች አሳየችኝ። እዚህ ሳር፣ እዚያ ሎሚ፣ ከበሩ እስከ ቤቱ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ፣ ጥጉ ላይ አባቷ ከዓስር ሶላት በኋላ የሚቀመጡበት ጥላ።

«የሰው ግቢ ሳር ሳጠጣ ነው ወጣትነቴ ያለቀው» አለችኝ። «በዚያ በረሃ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለእነሱ ሳር ይበቅል ነበር። ታዲያ ለኔ አባት፣ እዚህ ውሃው ሞልቶ፣ ለምን አይበቅልም?»

ሐጂ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው አይወርድም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ሳሩንስ እሺ። በሳር ላይ በእግር መሄድ ምን ነውር አለውና ነው ድንጋይ የምታነጥፉብኝ?»

«ክረምት ላይ ያዳልጥዎታል አባ» አለች ልጃቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በጭቃ ሄጄ ማን አነሳኝ?»

እንዲህ ተጀመረ። በዚያ በጋ ከሌላ ሰው ሥራ ይልቅ የሐጂ ግቢ ሥራ በዛብኝ። መጀመሪያ ጉድጓዱን የምንሞላበት ገረጋንቲ አመላለስኩ፤ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩን። ባራገፍኩ ቁጥር ሐጂ ሳልበላ አያስወጡኝም። እሳቸው ግን ከትሪው ትንሽ ቀምሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋቸው ነበር። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከየት ወገን እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«አባቴ ክርስቲያን ናቸው፤ እናቴ ከእስላም ቤት ነው የመጣችው» አልኳቸው።

«ታዲያ ወሎዬ ነኝ አትልም?» ብለው ሳቁ። «ምን ታስረዝመዋለህ!»

ክረምቱ ሲገባ የቀረን ጥቁር አፈሩ ብቻ ነበር። ያኔ ግን መንገዱ ተለወጠ። ከቆቦ በኩል ፍራሽ የተሸከሙ፣ ፍየል የሚጎትቱ፣ አራስ የደገፉ ሰዎች ይመጡ ጀመር። መርሳ አድረው ወደ ደሴ ይሄዳሉ። እኔ አፈር ጭኜ በጎናቸው ሳልፍ እያዩኝ ያልፋሉ። ምን ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ አስብ ነበር። ይኼ ሰው ምን ሆኖ ነው አፈር የሚጭነው? ነገር ግን ሰው ሥራውን የሚያቆምበትን ቀን ማን ይነግረዋል? ትናንት ሠርተሃል፣ ዛሬም ትነሳለህ፣ ቁልፉን ታዞራለህ።

ወልዲያ አካባቢ ከባድ መሣሪያ መሰማት የጀመረ ዕለት ከግራና የመጨረሻውን አፈር ጭኜ እየወጣሁ ነበር። ቶሎ ልግባ ብዬ ነው መሰለኝ አንድ ጉድጓድ ሳላየው ገባሁበት። ከሥሬ የጠመንጃ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ወርጄ ሳይ ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ብረት፣ ባሌስትራው ተሰብሯል። ፒካፗ ባንድ ጎኗ ተቀምጣለች። እያነከሰች፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ከነጭነቷ ሐጂ ግቢ አደረስኳት።

ቤት ስሄድ ባለቤቴ ልጆቹን አልብሳ፣ ልብስ በአንሶላ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤታችን አይሱዙ አግኝቷል፤ ወደ ደሴ ሊወጡ ነው።

«ውጣ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«ሐጂስ? አይሱዙ ላይ ቆመው አይሄዱ። ጠዋት ባሌስትራውን አሠርቼ፣ እሳቸውንና ልጃቸውን ይዤ ደሴ እመጣለሁ።»

«ጠዋት ብለህ ነው?»

«ጠዋት።»

ትንሿን ልጄን ወደ ላይ ሳቀብላት ልጅቷ አንገቴን አልለቅም ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናቸው። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ስታለቅስ እንዳላያት መሆኑን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጠዋት በያጁ የለም። ጎሚስታውም፣ መካኒኩም የለም። የተሰበረውን ባሌስትራ እኔው በእንጨት ደግፌ በወፍራም ሽቦ ጠመጠምኩት። የሐጂ ልጅ ሽቦውን በፒንሳ እየያዘችልኝ ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ተኝተን ሠራን። ሐጂ ፍራሻቸውና መድኃኒታቸው ተዘጋጅቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ መቁጠሪያቸው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። ቀትር ላይ ጨረስን። አፈሩን አራገፍን። ሞተሩን ሳስነሳ ከመንገድ ዳር ጩኸት ሰማን። በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሄዱት ሰዎች እየሮጡ ይመለሳሉ። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ፤ ከፊትም ከኋላም ተዘግቷል። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላስነሳሁትም።

ከቆቦና ከወልዲያ በኩል የመጡት ታጣቂዎች ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የፈለጉት መኪና ነው ተባለ። ያን ሰምተን ልጃቸውና እኔ ፒካፗን ወደ ግቢው ጥግ ገፋናት። ባትሪዋን አውጥተን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበርን። ጎማ ፈታን። በአንድ ወገን ድንጋዩን ደረደርንባት፤ በሌላ ወገን አሸዋውን እስከ መስኮቷ ከመርነው። ከላይ ሸራ ጥለን የማሽላ አገዳ አለበስናት። በበጋው ሁሉ ለግቢው ያመጣሁት ነገር መደበቂያ ሆነ። ተሳቢው ግን ከደጅ ከነድንጋዩ ቆሞ ነበር። እሱን በሁለተኛው ቀን ድንጋዩን መንገድ ላይ ዘርግፈው በትራክተር ጎትተው ወሰዱት።

ወደ ግቢውም ገቡ። ከእነሱ አንዱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት፣ ደክሞት ነው መሰለኝ ከፒካፗ ፊት በደረደርነው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«መኪና አለ?» አለ።

«እኛ ከየት አምጥተን?» አለች ልጃቸው። የሚጠጣ ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ጣሳውን መለሰላትና ወጣ።

እዚያው ግቢ ማደር ጀመርኩ። ቤቴ ብቻውን ይጨንቀኝ ነበር፤ እነሱም ወንድ ቢኖር ይሻላል አሉ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ባለቤቴና ልጆቼ ደሴ ይድረሱ አይድረሱ የማውቀው ነገር የለም። ቆይቶ ደሴም ተያዘች ሲባል የት እንደሚሆኑ ማሰቡን ተውኩት። ተውኩት እላለሁ እንጂ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ጥርሱን እንደሚያፋጨው ያለ ነበር።

ፍሪጁ ካቆመ ጀምሮ ልጃቸው መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ እንስራ ውስጥ ታኖረው ነበር። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እረጫለሁ። እሷ መጠኑን እየቀነሰች መውጋት ጀመረች። ሐጂ ያውቃሉ፤ ግን አይናገሩም። ምግባቸውን እየቀነሱ፣ «ዛሬ ጾመኛ ነኝ» እያሉ ያልፉታል። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። በከተማው ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ቤት ዞረች። አንዲት እናት ከራሳቸው ትንሽ አካፈሏት። ቀጥሎ ስትሄድ ለቅሶ ቤት ሆኖ ጠበቃት።

ማሽላው መድረስ ሲጀምር መድኃኒቱ አለቀ። ሐጂ ውሃ ጠጥተው አይረኩም፤ ለሶላት ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ። በዚያው ሰሞን ከወልዲያ በእግሩ የመጣ አንድ ነጋዴ እዚያ ሆስፒታል የእርዳታ መድኃኒት ገብቷል ሲሉ ሰማሁ አለ። ሲሉ ሰማሁ ነው ያለው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከዚያ የተሻለ ወሬ አልነበረንም።

«በቃሬዛ ተሸክመን?» አልኳት።

«እስከ ወልዲያ? በመንገድ ይሞቱብኛል» አለች። ከዚያ ወደ ማሽላው አገዳ ክምር አየች። እኔም አየሁ።

«ናፍጣ የለም» አልኩ።

«የእርሻው ውሃ መሳቢያ ሞተር ውስጥ አለ።»

በማግስቱ አህያ እየነዳች ግራና ወረደች። የእርሻው ጠባቂ ሞተሩን ማሽላ ውስጥ ደብቆት ኖሯል፤ ናፍጣውን በጄሪካን ቀዳላት። ጄሪካኑን ከቅርጫቱ ሥር አድርጋ፣ ከላይ ብርቱካን ሞልታ ተመለሰች። መንገድ ላይ አስቁመዋት ብርቱካን አንስተው በልተዋል። «ትንሽ ጠልቀው ቢወስዱ ኖሮ…» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ አለች።

አሸዋውን ዛቅን፤ ድንጋዩን አነሳን፤ ጎማውንና ባትሪውን መልሰን ገጠምን። ባትሪው ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሞተሩ አቃሰተ፣ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እጮህ ነበር። ያን ቀን ግን በድምፁ ጠላት የጠራሁ ነው የመሰለኝ። ሐጂን ፍራሽ ላይ አድርገን ከኋላ አስተኛናቸው፤ ልጃቸው ራሳቸውን ጭኗ ላይ ያዘች። ጠዋቱ ብሩህ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ሐጂ ጋቢናውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ያን ሁሉ አፈር ስታመላልስልኝ ከርመህ ዛሬ እኔኑ ጫንክ» አሉኝ።

«ይዳኑ እንጂ አፈር የሚጫንበት ቦታ አልጠፋም ሐጂ።»

«ኢንሻአላህ። ቀስ ብለህ ንዳ፤ ጭነቱ አሮጌ ነው።»

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሽቦ የጠመጠምኩት ባሌስትራ በየጉድጓዱ ይጮህ ነበር። ሰው ከየደጁ እየወጣ ያየናል፤ መኪና ካየ ቆይቷል። አንዳንዱ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ዱዓ አደረገልን። ስሪንቃን አለፍ እንዳልን ታጣቂዎቹ መንገዱን በገመድ ዘግተውታል።

ያስቆመን ሰው ጎልማሳ ነው፤ አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል። አማርኛ ይናገራል።

«ከየት ነው?»

«ከመርሳ። አባታችን ታመው ወደ ሆስፒታል ነው።»

«መኪናው የማን ነው?»

«የኔ። የአሸዋ መጫኛ ነው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

ባሌስትራው ላይ የጠመጠምኩትን ሽቦ አሳየሁት። «ተሰብሮ ቆሞ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። ከዚያ በእጁ ወደ መንገዱ ዳር ጠቆመ። እስከዚያ ድረስ ልብ አላልኳቸውም ነበር። ከአንድ ዋርካ ሥር ቁስለኞቻቸው ተደርድረው ተኝተዋል። ዝንብ ወሯቸዋል። ከሁሉ ወዲህ ያለችው ልጃገረድ ናት። አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች በነጠላ ቁራጭ ታስሯል፤ ነጠላው ነጭ መሆኑ አይታወቅም። ዐይኖቿ ተከፍተዋል። አታለቅስም፣ አትጮህም፤ ፒካፗን ብቻ ታያለች።

«እነዚህን ማንሳት አለብን» አለ ሰውዬው። «ውረዱ።»

የሐጂ ልጅ ባዶውን የመድኃኒት ብልቃጥ ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችለት። «ተመልከት ወንድሜ፣ ይኼ ካለቀባቸው ቆየ። ይኼን ካላገኙ ይሞታሉ!»

«እነዚያም ይሞታሉ» አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው በወልዲያ በኩል ነው የምታልፉት» አልኩት፤ «እኔ ልንዳ፤ ሁሉንም አብረን እንውሰድ። እሳቸውን ሆስፒታሉ በር ላይ አውርጄ የፈለጋችሁበት አደርሳችኋለሁ።»

«በወልዲያ አናልፍም። በሌላ መንገድ ነው የምንሄደው። ቦታም የለም። አንተ አታየውም?»

አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ ይኼ ነው፤ ምን ያህል ይጫናል፣ ምን ይቀራል። ባንድ ዐይን አይቼ አውቄዋለሁ፤ ቁስለኞቹ ብቻቸውን ከፒካፗ በላይ ነበሩ። ቢሆንም እግሩ ላይ ወደቅኩ። የሰው እግር ይዤ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ቀን ያዝኩ። አቧራ የለበሰውን የፕላስቲክ ጫማውን ይዤ «በእናትህ፣ በእናትህ» እላለሁ። እሱ ሳይገፈትረኝም ሳያነሳኝም ቆመ። ወደ ላይ ሳይ ፊቱን ወደ ዋርካው አዙሯል።

ያኔ ሐጂ ከፍራሹ ላይ ልጃቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ድምፃቸው ደርቋል።

«አንተ ልጅ፣ ተነሳ። ቁልፉን ስጠው።»

«ሐጂ…»

«ስጠው አልኩህ። ልጅቷ ደሟ እየፈሰሰ ነው፤ አላህ እያየን። አውርዱኝ።»

ልጃቸው «አባ፣ አይሆንም!» ብላ በሁለት እጇ ፍራሹን ጨብጣ ያዘች። እሳቸው ጣቶቿን እየዳበሱ፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት» አሏት። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም መኪናዋን እንደሚወስዷት ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ግን እየተቀሙ መሆናቸውን አልቀበል ብለው፣ ሰጥተው ለመውረድ ፈለጉ። እኔ ያን ያህል ትልቅ ሰው አልነበርኩም። ቁልፉን ስሰጥ ልቤ ያን ሰው ይረግም ነበር።

ሐጂን ከነፍራሻቸው አውርደን መንገድ ዳር አስተኛን። ቁስለኞቹን ጫኑ። ልጃገረዷን ሲያነሷት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። የሚነዳው ወጣት ጋቢና ሲገባ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ባሌስትራው የታሰረ ነው» አልኩት። «ጉድጓድ ላይ ቀስ በል። ሦስተኛው ማርሽ ላይ ትንሽ ያስቸግርሃል።»

«እሺ» አለኝ። ሄደ። ፒካፗ በመታጠፊያው እስክትሰወር የሽቦውን ጩኸት እሰማ ነበር።

የስሪንቃ ገበሬዎች ከማሳቸው ሆነው ሁሉን ሲያዩ ኖረዋል። መጡ። አንድ አዛውንት፣ «ሐጂ አይደሉ እንዴ? ያረቢ!» ብለው በግንባራቸው ተደፉ። ሁለት ረጅም እንጨት ቆርጠው፣ ገመድ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ከዚያ እስከ መርሳ እየተፈራረቁ ተሸከሟቸው። ከአንድ መንደር ሰዎች ወደ ሌላው መንደር ሰዎች ትከሻ ይተላለፋሉ፤ መስቀል ያሰረውም ቆብ ያደረገውም አንድ ላይ ነው። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ሳልቀየር ተሸከምኩ። እንቀይርህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ወልዲያ ውስጥ መድኃኒቱ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሐጂ አልተነሱም። ትንፋሻቸው የበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር። አንዳንዴ ይቃዣሉ፤ እርሻው ላይ ያሉ መስሏቸው ውሃውን ወደዚያ መልሱት ይላሉ። አንዳንዴ ሙሉ ልባቸው ይመለሳል። እንዲህ በነቁበት አንድ ጠዋት ልጃቸውን ጠርተው ከእናቷ የቀረ ወርቅ የት እንዳለ ነገሯት፤ እኔን ደግሞ አዩኝና «ከቤተሰብህ ያገናኝህ» አሉኝ። የሚጠጡትን ውሃ አቀብዬ፣ ዝንብ አባርሬ፣ ፍራሹን አዙሬ እውላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ እንዲህ ቢደረግ፣ እዚያ ቢወሰዱ። የሆነ ቅጠል አምጥተው አፍልተው ያጠጧቸውም ነበሩ። ሁሉም የቻለውን አመጣ፤ የሚያስፈልገው ግን ያቺ አንዲት ብልቃጥ ነበረች።

አንድ ቀን ዓስር ተሰግዶ ሰው ሲበተን አረፉ። የእምነቱን ቃል፣ ሸሃዳውን፣ ልጃቸው በጆሯቸው እየነገረቻቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው መሰብሰብ ያስፈራ ነበር፤ ያም ሆኖ መርሳ ወጣች። ልጃቸው ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረች። ስመለስ በረንዳው ላይ ባዶውን ፍራሽ አጥፋ ስትዘረጋ፣ መልሳ ስታጥፍ አገኘኋት።

ታጣቂዎቹ ለቀው የወጡት ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ ነው። መንገዱ ሲከፈት ባለቤቴና ልጆቼ ከደሴም አልፈው ሸሽተው ኖሮ፣ ከስተው፣ ጠቁረው መጡ። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ ሸሸችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ገና እንደገባች፣ «ሐጂስ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በቆመችበት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ፒካፗን ፍለጋ ወጣሁ። ወልዲያ፣ ከዚያ ሐራ፣ ከዚያ በቆቦ መንገድ። መንገዱ ዳርና ዳር የተቃጠለ መኪና ሞልቶታል። የተቃጠለ መኪና ሁሉ ይመሳሰላል፤ ቀለም የለውም፣ ታርጋ የለውም። እኔ ከሥሩ እየገባሁ የጠመጠምኩትን ሽቦ ነበር የምፈልገው። አንዷን በርቀት ሳያት የኔ ናት ብዬ ሮጥኩ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ባሌስትራዋ ሙሉ ነው። እዚያው ከሥሯ እንደተኛሁ ቆየሁ። ባለመሆኗ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም። ያቺ እግሯ የቆሰለው ልጃገረድም ትዝ አለችኝ። ደርሳ ይሆን? ማንን እጠይቃለሁ? ከዚያ ወዲያ መፈለጉን ተውኩት።

በሚቀጥለው ክረምት ቆቦ እንደገና ተያዘች ተባለ። ወልዲያ ልትያዝ ነው ሲባል መርሳም ተነሳች። በዚህ ጊዜ መኪና የለኝም። ልጆቼንና ባለቤቴን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ላለፈ መኪና ሁሉ እጄን አነሳለሁ። አንድ የማውቀው ሾፌር፣ ከእኔ ጋር ወንዝ ወርዶ አሸዋ የሚጭን የነበረ፣ መኪናውን ሰው እንደሞላ መጥቶ ቆመ።

«ልጆቹን ብቻ» አለኝ። ሊያየኝ አልቻለም።

«እናታቸውንስ?»

ወደ ኋላ ዞሮ ሰዉን አየ፤ መሪውን ጨብጦ አቀረቀረ። አንዲት ሴት ከላይ ሆና፣ «ትግባ፣ ትንሿን እኔ እታቀፋታለሁ!» ብላ ጮኸች። ገቡ። እኔ ቀረሁ። መርሳ በዚያ ዙር አልተያዘችም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ። ግን ልጆቼ ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ካልቀደምኩ መኪና ላይ አይወጡም።

የሐጂ ልጅ ሰላም ከወረደ በኋላ ጥቂት ጊዜ ቆየች። እርሻውን ለአጎቷ አስረክባ እንደገና ወደ አረብ አገር ልትሄድ ተነሳች። እኔ ያኔ የሰው አይሱዙ ተቀጥሬ ከወልዲያ ጠጠር አመላልስ ነበር። ባዶዬን ስወጣ ጋቢና አስገብቼ ወልዲያ መናኸሪያ አደረስኳት። ስሪንቃን ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ዋርካው አላየንም።

መናኸሪያው ጋ ሻንጣዋን ሳወርድላት፣ «እህቴ፣ የቻልነውን ያህል…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተው» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ይኼንኑ ነው የሚለኝ። የቻልነውን አድርገናል። ምን ቻልን? ምንም አልቻልንም። እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ይቀለኛል።»

«ምንም አልቻልንም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ ለባለቤቴና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። መስኮቱ ጋ ቦታ አላገኘችም መሰለኝ፣ እስኪወጣ ብጠብቅም አላየኋትም። ከኋላዬ የቆመ ሹፌር መንገድ ልቀቅ ብሎ ጡሩንባ ነፋ። ጠጠሩን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አይሱዙውን አስነስቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።